የዘፈኑ ሐዘን ከየት መጣ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ‹ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን› ሐዘኑን ያገኘው ከተቃኘበት ከኤ ማይነር ነው።»

የጊታር መምህሩ (ደጋፊ)፦

ይህን ዘፈን ሳስተምር ሁልጊዜ ከኮርዶቹ፣ ማለትም አብረው ከሚመቱት ድምፆች፣ እጀምራለሁ። ስንኞቹ የሚመላለሱት በኤ ማይነር፣ በኢ ማይነር፣ በዲ ማይነርና በጂ ላይ ሲሆን፣ ከአራቱ ሜጀር የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የማይነር ሦስተኛ ድምፅ ከሜጀሩ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ማይነር ሐዘን፣ ሜጀር ደስታ ነው፤ ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ጆሮ ብቻ ነው። ማስረጃ ለሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በኢንተርኔት የተሰራጨው ቅጂ አለ። የዋናው ቀረጻ ድምፆች በኮምፒውተር ወደ ሜጀር ሲለወጡ፣ ግጥሙም ዘፋኙም ፍጥነቱም እዚያው እያሉ ትካዜው ተገፎ ፀሐይ የወጣበት ዘፈን ሆነ።

ከበሮ መቺዋ (ተቃዋሚ)፦

«ማይነር ሐዘን፣ ሜጀር ደስታ ነው» የሚለውን ከአንድ ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ መምህር ብዕር በማንበቤ አዝኛለሁ። የትዝታ ቅኝት ሁለት መልክ እንዳለው፣ የአንዱ ሦስተኛ ድምፅ የሜጀር፣ የሌላው የማይነር እንደሆነ መምህሩ ያውቃሉ። የሄደ ሰው የሚናፈቅበት፣ አድማጩ አንገቱን ደፍቶ የሚሰማው የሜጀሩ ትዝታ በእርስዎ ሕግ የደስታ ዜማ ሊባል ነው?

ይህን ዘፈን የያዘው ምቱ ነው። በደቂቃ 125 ምት ገደማ ይሄዳል፤ ለመጨፈር የሚበቃ ፍጥነት ነው፤ ጭብጨባም አለበት። የባንዱ ጊታሪስት ፒተር በክ የሚጫወተው ማንዶሊን (ትንሽ የክር መሣሪያ) ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይመለሳል፣ ከበሮው ወደፊት ይገፋል፣ ዘፋኙ ግን ድምፁን ብዙም ከፍ አያደርግም። ሰውየው እንደተቅበዘበዘና ማረፊያ እንዳጣ የሚነግረን ይህ ነው።

የጊታር መምህሩ፦

ስለ ትዝታ ትምህርት አያስፈልገኝም ነበር፤ ክራር የያዝኩት ጊታር ከመያዜ በፊት ነው። የጻፍኩት ከአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ስለመጣ ባንድ ነው፤ በዚያ የሙዚቃ ልማድ ውስጥ ማይነር የያዘው ትርጉም የታወቀ ነው። ተከራካሪዬ ያን የ2013 ቅጂ በአንድ ቃል እንኳ አላነሱትም። ፍጥነቱ ሳይነካ ስሜቱ ከተለወጠ፣ ስሜቱን የያዘው ፍጥነቱ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ ለመጨፈር የሚበቃ ፍጥነት ያለው ዘፈን ካሳዘነ፣ ያሳዘነው ሌላ ነገር መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል።

ከበሮ መቺዋ፦

መምህሩ አሁን «በዚያ የሙዚቃ ልማድ ውስጥ» ይላሉ፤ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ግን «የሚያስፈልገው ጆሮ ብቻ ነው» ብለው ነበር። ልማድ ካስፈለገ ጆሮ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መተው አለባቸው።

ደግሞም ሐዘን ነው ያለው ማን ነው? የዘፈኑ ርእስ በደቡባዊ አሜሪካ የሚነገር ፈሊጥ ነው፤ ትዕግሥቴ አለቀ፣ ራሴን መግዛት አቃተኝ እንደ ማለት ነው። ርእሱን ቃል በቃል «ሃይማኖቴን እያጣሁ» ብለው የተረዱ የአገሬ ሰዎች የእምነት ልቅሶ ሲሰሙበት ኖረዋል። እኔ የምሰማው ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ያጣ ሰው ነው።

የጊታር መምህሩ፦

የትኛውንም ቃል አልተውኩም፤ ልማድ የሚገባውም በጆሮ ነው። ስሜቱን ሐዘን ማለት ከከበደ ትካዜ እንበለው፤ በቃሉ ላይ አልሟገትም። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ ራሱ ዘፈኑ ምላሽ ስላጣ ፍቅር መሆኑን ተናግሯል፤ ይህም ከትካዜ የራቀ አይደለም። ተከራካሪዬ ፈተና ከፈለጉ በኤ ማይነር እንዳለ ፍጥነቱን ወደ 70 ምት ያውርዱት። ትካዜው ይከብድ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም።

ከበሮ መቺዋ፦

ከአንድ ማንዶሊን ተጫዋች ጋር በ70 ምት ሞከርነው። መምህሩ እንዳሉት ከበደ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የተቀመጠና የተከዘ ሰው አገኘን እንጂ፣ ብዙ ተናገርኩ ወይስ አነሰኝ እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገተው፣ ትዕግሥቱ ያለቀው ሰው አልነበረም። በ125 ስንመልሰው ከመጀመሪያው ጭብጨባ ጋር መጣ።