አብዛኛው ጣፋጭ ቼሪ ብቻውን አያፈራም

«ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የቼሪ ችግኝ ከተከላችሁ ይበቃል» የሚለው፣ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ቼሪ የወጣው ጽሑፍ ምክር ሰው ያሳስታል። እዚህ ያኪማ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ በለቀማ ወቅት እርሻ ላይ እሠራለሁ። ቢንግ የሚባለው ጠቆር ያለ ቀይ ቼሪ አጠገቡ ሌላ ዝርያ ከሌለ አያፈራም። ያውም የተገኘው ሁሉ አይሆነውም፤ ላምበርት የሚባለው ዝርያ አያዳቅለውም (የአበባ ብናኙ አይሠራለትም)፣ ቫን ወይም ሬኒየር የሚባሉት ግን ይሆኑታል። ቦታ የጠበበው ሰው ስቴላ ወይም ላፒንስ የሚባሉትን ዝርያዎች ይትከል፤ እነሱ ብቻቸውን ያፈራሉ። ሌላው ጣጣ ዝናብ ነው። ፍሬው ሊለቀም ሲል ከዘነበ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው ገበሬዎቹ ውሃውን ለማራገፍ ሄሊኮፕተር ከዛፉ በላይ የሚያስበርሩት። ከላይ በአስተያየትህ «ቼሪ ሪህ ያድናል» ላልከው ወንድሜ፣ ቼሪ የሚበሉ ሰዎች ላይ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንደማይነሳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። መድኃኒት ግን አይተካም። ፍሬውን ብላ፣ ኪኒንህን ሐኪምህ ሳያውቅ እንዳታቆም።