ሁለተኛ ሰው ይፈለጋል

ቡድን ተሸነፈ ብሎ የራስን ከተማ መሰባበር ዝግጅት የሚፈልግ ሥራ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ንዴት ብቻ የሚበቃው ይመስላል። ንዴት ቢበቃውማ ደብረ ብርሃን በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በፈረሰች ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ አርሴናልን 8 ለ 2 በሸኘበት ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ከበሬሳ እስከ ጠባሴ አንድ መስታወት ባልተረፈ። የአርሴናል ቲፎዞ በእንዲህ ያለ ቀን የሚያደርገው ግን ይታወቃል፤ አምስተኛው ጎል ሲገባ "ውጪ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ይወጣል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ እስከ ማክሰኞ አይታይም።

ሙያው ያላቸው ቫንኩቨሮች ናቸው። ቫንኩቨር ባሕሯም ተራራዋም የሚያምር የካናዳ ከተማ ናት፤ ሰዎቿ ሳይረግጡህ "ይቅርታ" ይላሉ። ሰኔ 7 ቀን 1986 ዓ.ም. የበረዶ ሆኪ ቡድኗ ካነክስ በሰባተኛውና በመጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ በኒውዮርክ ሬንጀርስ 3 ለ 2 ተረታ፤ ሕዝቡ ወጥቶ የገዛ መሐል ከተማውን ሰባበረ። ከ17 ዓመት በኋላ ሰኔ 8 ቀን 2003፣ አሁንም ሰባተኛ ጨዋታ፣ አሁን ደግሞ በቦስተን 4 ለ 0። ከተማው ራሱ መንገድ ዘግቶ ትልልቅ ስክሪን ስለሰቀለ ከ100 ሺህ በላይ ሰው መሐል ከተማ ተሰብስቧል። መኪና ተገለበጠ፣ የፖሊስ መኪና ነደደ፣ ሱቅ ተዘረፈ። 112 የንግድ ቤትና 122 መኪና ተጎዳ፤ የጉዳቱ ግምት 3.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ። ቦስተኖች ዋንጫቸውን ይዘው ወደ አገራቸው በረሩ፤ ሂሳቡ ለቫንኩቨር ቀረ።

ከሁሉም የሚደንቀው ማስረጃው ነው። መርማሪ ሳይደርስ ተጠርጣሪዎቹ ራሳቸው በሚነድ መኪና ፊት ቆመው ፎቶ ተነሥተው፣ ፌስቡክ ላይ ለጥፈው፣ ወዳጅ ዘመድ ላይክ አድርጎላቸው አድሯል። በመጨረሻ 301 ሰው ተከሰሰ። ክሱ እስከ 2008 ዓ.ም. ተጎትቶ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ከተሰበረው ዕቃ የሰባሪው መዝገብ ተወደደ ማለት ነው። በነጋታው ጠዋት ደግሞ ሌላው ነዋሪ መጥረጊያና የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ወጥቶ ስባሪ ሲለቅም ዋለ።

ያው ሰኔ ሳይወጣ፣ በ19ኛው ቀን፣ ቦነስ አይረስ ላይ ሪቨር ፕሌት ከቤልግራኖ 1 ለ 1 ወጥቶ በ110 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንደኛ ሊግ ወረደ። ደጋፊው መቀመጫ እየነቀለ ወረወረ። የማን መቀመጫ? የራሱን ስታዲየም፤ ያውም ከወር በኋላ የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ የሚደረግበትን። ሞስኮ ከሁለቱ የ2003 ረብሻዎች ትቀድማለች፤ ሰኔ 2 ቀን 1994 ጃፓን በዓለም ዋንጫ ሩሲያን 1 ለ 0 ስትረታ፣ ክሬምሊን አጠገብ በስክሪን ያዩ ሺዎች መኪና እየገለበጡ ሱቅ እየሰበሩ አመሹ። ጨዋታው የተደረገው ዮኮሃማ ነበር።

አራቱም ሰኔ ነው። ሰኔና ሰኞ ገጠመባቸው እንዳንል አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ፣ ሁለቱ እሑድ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰኔ ላይ ውድድር ያልቃል፣ በነሱ አገር ቀኑ ይረዝማል፣ ማታውም ደጅ ያስቆማል። (ቦነስ አይረስ በሰኔ ክረምቷ ነው፤ እነሱ መቀመጫ በመንቀል ሞቁ።) ያሸነፈም አይምርም እንዲያው፤ ዲትሮይት በ1977 ዓ.ም. የቤዝቦል ዋንጫ በልታ የፖሊስ መኪና አቃጥላለች።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 የረብሻን አሠራር በቁጥር አስቀምጦታል። አደባባይ ላይ 100 ሰው ቆሟል እንበል። የመጀመሪያው ማንንም ሳይጠብቅ ይወረውራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲወረውር ካየ ይወረውራል፣ ሦስተኛው ሁለት ካየ፣ አራተኛው ሦስት ካየ፤ መቶኛው ጨዋ ሰውዬ እንኳ 99 ሰው ካየ ይገባበታል። እነዚህ ከተገናኙ ከተማው አለቀለት። አሁን ሁለተኛውን ሰው ብቻ አንሥተን በቦታው ሁለት ሰው ካላየ የማይንቀሳቀስ እንተካ። የመጀመሪያው ይወረውራል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ የተከተለው የለም። በፊተኛው ቀን ወሬው "ሕዝቡ አበደ" ነው፤ በኋለኛው ቀን "አንድ ሰካራም መስኮት ሰበረ"። 99ኙ ሰዎች ግን ያው ናቸው።

ደብረ ብርሃን የመጀመሪያው ሰው አላት፤ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ሁለት ሦስት አይጠፉም። የጎደላት ሁለተኛው ነው።

የሚያስቀረው አንደኛ ሰዓቱ ነው። አውሮፓ ሰዓቷን ስታዞር፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ፣ አብዛኛው የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሌሊት 5 ሰዓት ይጀምርና 7 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት በከንቱ አይደለም። ቲፎዞው ሰማንያ ሰው ሲተነፍስ ካመሸበት ቤት በቀጥታ እዚያ ውርጭ ላይ ይወጣል። ሁለት እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ለመወርወር ቢያንስ አንዱን ማውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ንዴት ይበርዳል። አወጣ እንበል፣ ድንጋዩስ? መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ለመንቀል ዲጂኖ ይፈልጋል፤ ዲጂኖ ይዞ ኳስ ለማየት የመጣ የለም። ድንጋይም ቢገኝ የሚሰበር መስታወት የለም፤ ሱቁ ሁሉ በላሜራ ተከርችሟል። ላሜራ ደግሞ ሲመቱት ይጮሃል እንጂ አይሰበርም፣ ሲጮህ ዘበኛ ይነቃል።

ሁለተኛ መበተኑ ነው። ሰማንያው አብሮ ከወጣ፣ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሃያው ወደ ሰፈሩ ይገነጠላል። ተከራይ የሆነው ቀድሞ ሩጫ ላይ ነው፤ አከራዩዋ የግቢውን በር 4 ሰዓት ላይ ቆልፈው ተኝተዋል፣ "እትዬ፣ ይቅርታ፣ በር ይክፈቱልኝ" ለማለት ደግሞ ድምፁን ማለስለስ አለበት፤ በሳምንት ሁለቴ ካስከፈተ ሦስተኛው "ቤት ፈልግ" ነው። አስፋልት ላይ የቀሩትን አምስት ስድስት ሰዎች ውሻ ይጨርሳቸዋል። የደብረ ብርሃን የሌሊት ውሻ እያለ አድማ በታኝ ፖሊስ ትርፍ ነው።

"ሸዋ ሮቢትስ? እዚያ ብርድ የለም" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ጋቢውን ይገፋል፤ ሁለቱም እጁ ነጻ ነው። ግን ሦስተኛው እንቅፋት እዚያም አለ፤ መታወቅ። ባጃጅ ልገልብጥ ብሎ እጁን የጫነ ልጅ ከመሪው በኩል "አንተ የእትዬ እንትና ልጅ አይደለህ እንዴ?" ይባላል። ባለባጃጁ የአክስቱ ልጅ ነው፤ ዛሬ ማታ ቤቱ የሚያደርሰውም እሱው ነው። የሚሰብረው ሱቅ ውስጥ የዱቤ ደብተር አለ፤ ደብተሩ ላይ የእናቱ ስም አለ፤ ከስሙ ትይዩ ሁለት ኪሎ ስኳርና ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ያልተሰረዘ። ካናዳ ውስጥ ፖሊስ በሺህ ሰዓት የሚቆጠር ቪዲዮ አገላብጦ ያገኘውን ስም፣ እዚህ አንዲት እናት በመስኮት አንዴ አይተው ከነአያቱ ይናገሩታል።

እሳቱን አናነሣውም። በዚህ አካባቢ የተቃጠለ ቤት ምን ምን እንደሚሸት ከወሬ በላይ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ለኳስ ብሎ ክብሪት የሚያወጣን ማንም አይስቅለትም።

ታዲያ ያ ሁሉ ንዴት የት ይገባል? አብዛኛው በብሽሽቅ ያልቃል። ለዚህ አገሩ የቆየ ልምድ አለው። መንዝ ላይ በገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ሲያሳድዱ ጥርስ ይረግፋል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ማታ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን ከነአለቃው በግጥም ሲሰድብ ያመሻል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ተሸናፊው ዋጥ አድርጎ ጠላውን ይጠጣል፤ ዕዳው ለከርሞ ይቆያል። ዛሬ ልዩነቱ ፈቃዱ የአንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ መታደሱ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ "አራት ለባዶ እንዴት ነው?" የሚል አለ።

በብሽሽቅ የማይወጣው የቤቲንግ ንዴት ነው። ሰውየው ስምንት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ቆርጧል፤ ሰባቱ ገብተውለታል፤ ስምንተኛዋ በ93ኛው ደቂቃ በላችው። "በአንድ ጨዋታ!" እያለ ሦስት ቀን ያወራል። ሂሳቡን ቢሠራው ኖሮ አይገርመውም ነበር፤ እያንዳንዱ ጨዋታ የመግባት ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆን እንኳ ስምንቱም አብረው የሚገቡት ከ60 ቲኬት በአንዱ ነው። ይህ ሰው የማንም ደጋፊ አይደለም፣ ብሽሽቅም አይነካውም፤ ከሰማንያው መሐል ዝም ብሎ የሚወጣው እሱ ነው።

የቀረው ንዴት ቤት ይገባል። ዴቪድ ካርድና ጎርደን ዳል የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን የአሜሪካን ፉትቦል ውጤት ከፖሊስ መዝገብ ጋር አመሳክረው ነበር። ያሸንፋል የተባለ የአካባቢው ቡድን ሲሸነፍ፣ ወንዶች በቤታቸው ሚስትና ፍቅረኛ ላይ የሚያደርሱት ጥቃት በ10 በመቶ ይጨምራል። ውጤቱ አስቀድሞ ሲያጠራጥር ከነበረ ግን ሽንፈቱ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሰውየውን የሚያሳብደው ገና ሳይጫወቱ የበላው ድል ነው። ይህኛው ረብሻ ስክሪን የለውም፣ ሁለተኛ ሰውም አይፈልግም። ያን የመሰለ ዓይን ያላቸው የመስኮቷ እናት እንኳ "የባልና ሚስት ነገር ነው" ብለው መጋረጃውን ይመልሱታል። ደብረ ብርሃን ጨዋ ናት ብሎ ደረት ለሚነፋ ይህ ሂሳብ ላይ ይደመርለት።

ዲኤስቲቪ ቤት የከፈተ ሰው ደግሞ ከረብሻው ይልቅ በሩን ይፍራ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሊማ ላይ ግንቦት 16 ቀን 1956 ዓ.ም. ፔሩ በአርጀንቲና እየተመራች ያገባችው ጎል ሲሻር ግርግር ተነሣ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ በደረጃው ወርዶ የተዘጋ የብረት በር ላይ ተደራረበ፤ የሞተው 328 ሰው ነው። ኢንዶኔዥያ ማላንግ ላይ መስከረም 21 ቀን 2015 የሆነውም ይኸው ነው፤ አሬማ በሜዳው 3 ለ 2 ተሸነፈ፣ ጭስ ተተኮሰ፣ በር ላይ ተጨናነቁ፣ 135 ሰው ሞተ። የእኛ ዲኤስቲቪ ቤት በር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ የጓሮው በር ካለም ጄኔሬተርና የለስላሳ ሳጥን ተደርድሮበታል። መብራት ጠፍቶ አንድ ሰው "እሳት!" ቢል ፊተኛው ሰው በሩን ሊስብ፣ ኋለኛው እሱን ሊገፋ ነው፤ እንዲያ ሆኖ በሩ አይከፈትም። ማጠፊያውን ወደ ውጭ የሚያዞር በያጅ የግማሽ ቀን ሥራው ነው። ሳጥኑ ይነሣ፤ በአግዳሚዎቹ መሐል አንድ ሜትር መተላለፊያ ይተው፤ እዚያ ላይ ደግሞ "ለዛሬ ብቻ" ተብሎ በርጩማ አይጨመር። የሚጨመረው ግን ሁልጊዜ ለዛሬ ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ በሰሜን ሸዋ ሽንፈት የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ያውም ተወርውሮ አይደለም። ፕላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል፤ ቀን የሚለመጠው እግር ሌሊት ቀጭ ይላል። ኦፍሳይድ ነው አይደለም ለማየት ወንበር ላይ የወጣ ሰው ክብደቱን ወደ ኋላ ሲጥል የኋላው ቀኝ እግር ከሥሩ ይሰነጠቃል። ወዲያው ሸንጎ ይቀመጣል። የወጣበት "ሲሰጠኝም የተሰነጠቀ ነበር" ይላል። ባለቤቱ "ጋሼ፣ ወንበር የተሠራው ለመቀመጫ ነው" ይላሉ። ከኋላ አንድ "ቫር ይታይ!" የሚል አይጠፋም። ዕድሜ ጠገብ የሆነ ሰው መሐል ገብቶ ግማሽ ግማሽ ያስማማል፤ የሰባሪው ግማሽ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠራል።

ጥገናው ቀላል ነው። ሚስማር ከሰል ላይ አግሎ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በየአንድ ጣት ርቀት መብሳት፣ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አመላልሶ ማጥበቅ፣ ጫፉን ሱሪ እንዳይዝ ወደ ውስጥ ማጠፍ። ቀዳዳው ለስንጥቁ በጣም ከቀረበ ሽቦው ራሱ ፕላስቲኩን ይቀደዋል፤ ችኩል ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በወጉ የተሰፋ እግር ከሌሎቹ ሦስቱ ይቆያል። የረቡዕ ጨዋታ ሌሊት 5 ሰዓት ነው፤ መግቢያው ያው ነው፤ የተሰፋው ወንበር የደረሰው ሰው ቅናሽ አይደረግለትም።