ቪቹኮቭስኪ ሸራውን ትቶ ድንጋይ ሲያነሳ

የሥዕል ህትመት ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። «ኮፒ ነው እኮ!» ይላል። ሥዕል ማለት ሸራ ላይ ያለው ብቻ ይመስለዋል። ይህ አመለካከት ስንቱን ሠዓሊ በድሏል። ፖላንዳዊው ሌዎን ቪቹኮቭስኪ አንዱ ነው።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1852 ተወለደ። ዋርሶና ሙኒክ ተማረ። ክራኮው ውስጥ ደግሞ ዝነኛው ሠዓሊ ያን ማቴይኮ አስተማረው። ከዚያ ዩክሬን ወርዶ አሥር ዓመት ገደማ ቆየ። በሬ ጠምደው የሚያርሱ ገበሬዎችንና ፀሐይ ያረፈችባቸውን ዓሣ አጥማጆች ሣለ። ስሙ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሱት እነዚህ የዘይት ቀለም ሥራዎቹ ናቸው። ያምራሉ፣ አልክድም። በ1895 የክራኮው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ።

ከ1900 ወዲህ ግን ከዘይት ቀለም እየራቀ ሄደ። ለጤናው አልተስማማውም ይባላል። ፓስቴል (ደረቅ የቀለም እንጨት) እና የውሃ ቀለም ያዘ፤ ከሁሉም በላይ ህትመት ውስጥ ገባ። ይህን እንደ መውረድ የሚያይ አይጠፋም። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«ኮፒ» የሚለው ሰው ሊቶግራፊ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል፣ ሲሠራ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ተፈግፍጎ የለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ይቀርባል። ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ይሥልበታል። ድንጋዩ በኬሚካል ከታከመ በኋላ በውሃ ይርሳል። ቀለም በሮለር ሲሄድበት እርጥቡ ቦታ አይቀበልም፤ ቅባቱ ብቻ ይይዛል። ወረቀት ይነጠፍበትና በማተሚያ ይጫናል። የሚወጣው ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው። ድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚሥል ሰው ቀኝ ያለውን ማማ ግራ ላይ ማድረግ አለበት ማለት ነው። ታዲያ ኮፒው የቱ ነው? ሥዕሉ የተወለደው እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው።

ቪቹኮቭስኪ ህትመቶቹን በየርዕሱ በአቃፊ እያደረገ አወጣቸው። ታትራ ተራሮች በ1906፣ ሊትዌኒያ በ1907፣ ግዳንስክ በ1909። ዩክሬንና ክራኮውም ተከተሉ። ያኔ ፖላንድ የሚባል አገር ካርታ ላይ የለም። ሦስት መንግሥታት ተቀራምተውታል፦ ክራኮው ኦስትሪያ እጅ፣ ግዳንስክ ጀርመን እጅ፣ ሊትዌኒያ ሩሲያ እጅ። የዘይት ሥዕል የገዛው ሰው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ህትመት ግን ብዙ ሆኖ ይወጣል። ድንበር የለያያቸው ሰዎች ያንኑ ሥራ በየቤታቸው ሊይዙት ይችላሉ። ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1922 የሰበሰባቸውን የሩቅ ምሥራቅ የጥበብ ዕቃዎች ለፖዝናን ሙዚየም ሰጠ። ቢድጎሽች ከተማ አጠገብም ቤት ገዛ። ሰባ የሞላው ሰው ይጦራል ስንል እሱ የሮጋሊን መንደርን ያረጁ የኦክ ዛፎች መሣል ተያያዘ። በ1934 ደግሞ እንደገና አገር የሆነችው ፖላንድ ዋርሶ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንዲያስተምር ጠራችው። ዕድሜው ሰማንያን ዘሏል፤ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የተሰጠው ክፍል የሥዕል አልነበረም፤ የህትመት ነበር።