እርማት፦ 85 ዲግሪ ያሳየ ሴንሰር ተቃጥሏል ማለት አይደለም

«የቢራ መጥመቂያው ሴንሰር 85 ካሳየ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» የሚለው ምክር ስህተት ነው። 85 ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ኃይል ሲያገኝ ሜሞሪው ላይ የሚገኝ መነሻ ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙ ልኬቱ ሳያልቅ ካነበበ የሚያገኘው እሱኑ ነው። በ12 ቢት (በከፍተኛው የልኬት ጥራት) ልኬቱ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ከ«ለካ» ትእዛዙ በኋላ 800 ሚሊሰከንድ ጠብቃችሁ አንብቡ።

አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ግን ኮዱን ትታችሁ ገመዱን እዩ። በልኬት መሃል ኃይል ከተቋረጠ ሴንሰሩ እንደ አዲስ ይነሳል፤ 85ም ተመልሶ ይመጣል። የኃይል ገመዱ ከ3.3 ቮልት ጋር በደንብ ይገናኝ፤ በእሱና በዳታው ገመድ መካከልም 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ይግባ።

«85 ከመጣ ዝለለው» የሚል ኮድ መጻፍማ ጭራሽ የባሰ ነው፤ የብቅሉ ውሃ ሊፈላ ሲል በእውነተኛው 85 ማለፉ አይቀርም። ሴንሰሩን በሚያነበው የአርዱይኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ) ላይብረሪ −127 ካያችሁ ደግሞ ሴንሰሩ ጨርሶ አልተገኘም ማለት ነው።