«ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ማንም ያሳያችኋል»

አዲስ አበባ ዳር ላይ መንገድ ጠይቃችሁ «አላውቅም» ያላችሁ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ነዋሪው ሁሉንም ያውቃል። የማያውቀውንም ያውቃል። እስቲ ኮዬ ፈጬ ወርዳችሁ አንድ ብሎክ ፈልጉ። «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ጁስ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ከዚያ ማንም ያሳያችኋል» ትባላላችሁ። ጁስ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። «ማንም» የተባለውም ሰው ቦታው ላይ የለም። ቢኖርም ወደመጣችሁበት ይመልሳችኋል፤ ያውም እጁን ዘርግቶ፣ በሙሉ ልብ።

ቁጥር መኖሩስ አለ። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን በቁጥር የሚነጋገር የለም። «ትራንስፎርመሩ ጋ»፣ «ወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «ድሮ አሸዋ የሚራገፍበት» ነው የሚባለው። ድሮ አሸዋ ሲራገፍ ያላየ ሰው ምን ይሁን?

ለዚህ ነው ገና በደረሰ ቁጥር የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሲነበብ ሰብአ ሰገል አንጀቴን የሚበሉት። ሰዎቹ ከምሥራቅ ስንት አገር አቋርጠው መጥተው ኢየሩሳሌም ላይ መንገድ ጠየቁ። «የተወለደው የአይሁድ ንጉሥ ወዴት ነው?» ስልክ የለ፣ ሎኬሽን የለ፣ «ስትደርሱ ሚስኮል አድርጉ» ያላቸው ዘመድ የለ። የያዙት አንድ ኮከብ ነው።

ስንት እንደነበሩ ወንጌሉ አይነግረንም። ሦስት ያልናቸው ስጦታው ሦስት ስለሆነ ነው። የሶርያ ክርስቲያኖች ትውፊት አሥራ ሁለት ያደርሳቸዋል። እኔን የሚያሳምነኝ አሥራ ሁለቱ ነው። አራስ ለመጠየቅ ሦስት ሰው ብቻ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ንጉሥ ተወለደ ብለው ወዴት ሄዱ? ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ከተማ ነዋ። አልፈርድባቸውም። እኛም ቁም ነገር ሁሉ መሃል ከተማ ያለ ይመስለናል። ጥሩ ሐኪም መሃል ከተማ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት መሃል ከተማ፣ ጥሩ ጫማ ሰፊ ሳይቀር። ዳር የምንኖር ሰዎች «ሰፈራችሁ የት ነው?» ስንባል «ቦሌ በኩል» የምንለው ወደን አይደለም። ቤተ ልሔም ግን ዳር ናት። ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትርቀው። ነቢዩ ሚክያስ ራሱ «ታናሽ ነሽ» እያለ ነው ተስፋውን የነገራት።

የጠየቁበት ቦታ ደግሞ ለነገር የሚዳርግ ነበር። ሄሮድስን የአይሁድ ንጉሥ ብሎ የሾመው የሮም ሴኔት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት 40 ዓመት ቀደም ብሎ። ንግሥናው ከውጭ የመጣ ሹመት ነው። እንግዶቹ እሱ በነገሠበት ከተማ ቆመው «የተወለደው ንጉሥ የት አለ?» ይላሉ። ሰውየው በሥልጣኑ ቀልድ አያውቅም፤ የገዛ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያስገደለ ነው። ማቴዎስ ሄሮድስ ደነገጠ ብሎ አላቆመም፤ «ኢየሩሳሌምም ሁሉ ከእርሱ ጋር» ይላል። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻም፤ መሥሪያ ቤት መሥራት ይበቃል። አለቃው ፊቱን ሲያጠቁር በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ይጨነቃል። ለምን ቢባል አያውቀውም።

ዘንድሮ በገና ማግስት እኛም ተነሳን። ኮዬ ፈጬ የገባች የድሮ ጎረቤታችን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። የሚኒባስ ሙሉ ሰው ሆንን። ዳይፐር፣ ሳሙና፣ የገንፎ ዱቄት፣ ከዕድሩ የተዋጣ ብር በፖስታ ይዘናል። መንገድ ላይ ስለ ዳይፐሩ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ጎረቤታችን ቁጥር አራት ገዝቶ መጥቷል። የሳምንት ልጅ ብብቱ ድረስ ይውጠዋል። «ሲያድግ ይሆነዋል» አለና መስኮቱን ከፈተ። በመስኮቱ አንድ ሱቅ በር ላይ የቆመ የፕላስቲክ ጥድ ይታያል፤ በታኅሣሥ ፀሐይ ጥጥ በረዶ አልብሰውታል። አጠገቡ ቀይ ለባሹ ሽማግሌ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሰብአ ሰገል ግን የትም አልተሰቀሉም። ምናልባት የሚሸጥ ነገር ስለሌላቸው ይሆናል።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ወዳጃችን ደውሎልኝ ነበር። «እኔ ዛሬ አይመቸኝም። ቤቱን ስታገኙት ግን ንገሩኝ፤ እኔም ሄጄ እንኳን ማርያም ማረችሽ እላታለሁ» አለ። ደግ ሰው ነው ብዬ ለተሳፋሪው ሁሉ ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የሰፈራችን እማማ «እህ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ኮዬ ስንደርስ ያው እንደተለመደው ነው። አንዱ ሽቅብ ላከን፣ አንዱ ቁልቁል መለሰን፣ አንድ ባለባጃጅ «ተከተሉኝ» ብሎ የራሱን ደንበኛ አድርሶ ተሰናበተን። መጨረሻ ላይ አንድ ብሎክ ሥር ፀሐይ የሚሞቁ ጎልማሳ አገኘን። ጋቢ ለብሰዋል። ሱፍ ይፈለፍላሉ።

«ጋሼ፣ አንዲት አራስ ፈልገን ነበር።»

«አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ ያለበት» አሉ፣ ከሱፉ ቀና ሳይሉ። «ወንድ ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል። በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። እናቷ ከጎጃም መጥተዋል። ለጊዜው የደረጃው መብራት አይሠራም፤ ሦስተኛው ላይ ተጠንቀቁ።»

አፌን ከፈትኩ። በዚያ ቀን የሰማነው ብቸኛ ትክክለኛ መረጃ ነው። እማማ ግን አላለፏቸውም።

«እርስዎስ ጠየቋት?»

«እኔማ እስካሁን አልተመቸኝም» አሉ ጋሼ። የሱፉን ገለባ እፍ አሉት።

ይኸው፣ የኢየሩሳሌምን ጸሐፍት በጋቢ አየኋቸው! ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን ሰብስቦ ክርስቶስ የት እንደሚወለድ ጠየቃቸው። «እንይበት፣ ኮሚቴ እናቋቁም» አላሉም። እዚያው መለሱ፦ የይሁዳ ቤተ ልሔም፣ በነቢዩ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል። መልሱም ትክክል ነው። ከዚያስ? ከዚያ ወደ ቤታቸው። ሕዝባቸው ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው መሲሕ በ9 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በእኛ ሂሳብ አንድ ታክሲና አንድ ባጃጅ ቢሆን ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ባዕዳን «ኮከቡን አይተናል» እያሉ ነው። እስቲ እኛም ወርደን እንይ ያለ አንድ ሰው እንኳ ማቴዎስ አልጻፈልንም።

በሄሮድስ ብዙም አልናደድም። ሄሮድስ ያው ሄሮድስ ነው። የሚያናድዱኝ እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ከእኛ ቤት አይጠፉም። ገና በዘመነ ዮሐንስ ለምን ታኅሣሥ 28፣ በሌላው ዓመት ለምን 29 እንደሚውል የሚያስረዳችሁ ሰው አለ። ጳጉሜን 6 ስትሆን ቀኑ እንዴት እንደሚገፋ በጣቱ ቆጥሮ ያሳያችኋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባ ለሕፃን ልጅ ሳይቀር ያስተምራል። በገና ሌሊት ግን ደወሉ ሲደወል ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል።

ሰብአ ሰገል በአንጻሩ እዚህ ሰፈር ቢመጡ በማኅበር የሚያስገባቸው አይገኝም። ኮከብ ይመለከታሉ! ኮከብ ቆጣሪ ለጎረቤት የሚመች ስም አይደለም፤ የኦሪቱ ሕግም ቢሆን አይወዳቸውም። አሕዛብ ናቸው። ከመጻሕፍቱ አንዲት ጥቅስ አያውቁም፤ ለዚያ ነው የጠየቁት። ወንጌላዊው ግን ከእስራኤል ውጭ መጥተው የሰገዱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አድርጎ ያቀረባቸው እነሱን ነው። ዋናው መልእክትም ይሄ ይመስለኛል፦ ንጉሡ የተወለደው ለአንድ ሰፈር ሰዎች ብቻ አይደለም። ደግሞ ከኢየሩሳሌም እንደወጡ ኮከቡ እንደገና ታየ። «በታላቅ ደስታ እጅግ ደስ አላቸው» ይላል። በር ቆሞ የጠበቀ፣ ባለጉዳይ ሆኖ የተጉላላ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል።

አራተኛ ፎቅ ደረስን። እያለከለክን «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልን። እልልታው ደረጃውን ሞላው። ከዚያ ሕፃኑን ከማየታችን በፊት ቤቱን አየን። «ስንት ካሬ ነው?» «ባለ ስንት መኝታ ነው?» «ኪራይ ነው ወይስ ደርሷችሁ ነው?» አንዷ ጎረቤታችን የወጥ ቤቱን ሴራሚክ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ሰብአ ሰገል ለንጉሥ ተዘጋጅተው መጥተው ያገኙት ተራ ቤት ነው። ማቴዎስ «ወደ ቤትም ገብተው» ይላል እንጂ ቤተ መንግሥት አይልም። «ይሄ ነው እንዴ?» አላሉም። ካሬ አልጠየቁም። ሕፃኑን ከእናቱ ከማርያም ጋር አዩት፤ ወድቀው ሰገዱለት።

ገንፎው መጣ። መሃሉ ተፈልፍሎ ቅቤና በርበሬ ሞልቶታል። ጾሙ ትናንት ስለተፈታ ማንኪያ ያልያዘ የለም። ጥግ ላይ ቡናው ይቆላል፤ ዕጣኑ ከከሰሉ ላይ ይጨሳል። ወሬው በዚሁ ወደ ስጦታው ዞረ። ወርቅ ለንጉሥነቱ፣ ዕጣን ለአምላክነቱና ለክህነቱ፣ ከርቤ ለሞቱ ብለው አባቶች ማስተማራቸውን አነሳሁ። ኢሳይያስም ምዕራፍ 60 ላይ ከሳባ ወርቅና ዕጣን ይዘው እንደሚመጡ ተናግሯል አልኩ። እማማ ይሄኔ አንደኛው የእኛ ሰው መሆኑን ወሰኑ። አልተከራከርኩም። ወርቁ ሻኪሶ፣ ዕጣኑ መተማ፣ ከርቤው ቦረና አለ። ስጦታው ሞልቶናል፤ የጠፋው ሄያጅ ነው።

ከርቤው ግን አልዋጥላቸው አለ።

«ቆይ አንተ ልጅ፣ ከርቤ ለሬሳ ነው አላልክም?»

«አዎ እማማ። ኒቆዲሞስ ለጌታ መቅበሪያ ያመጣው ከርቤና እሬት ነው፤ መቶ ንጥር ያህል። በመስቀሉም ጊዜ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሰጥተውት አልተቀበለም።»

«እና ለአራስ ቤት የመቃብር ሽቶ ይዘው መጡ?»

ቤቱ ዝም አለ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስጦታዎቹን ስንቆጥር እናትየው ፊት መቀመጣቸውን አስበነው አናውቅም። ልጁ የተወለደው ሊሞት መሆኑ ገና ከጨቅላነቱ፣ በስጦታ መልክ ተነገራት። እሷ ምን እንዳለች ወንጌሉ አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው አራሷ ናት። ቁጥር አራቱን ዳይፐር ከፌስታሉ አውጥታ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እናንተም እኮ ለዛሬ ብቻ አላመጣችሁም» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለዳይፐሩ ገንፎ ጨመረ፤ አንገቱ ቀና ብሏል።

በመሃል ስልኬ ጮኸ። ያ ደግ ወዳጃችን ነው። «አገኛችሁት? በል ሎኬሽኑን ላክልኝ፤ ቶሎ መጥቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበላት።» ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለቤቱ አበሰርኩ። የአራሷ ባል ጭልፋውን እንደያዘ ቀጥ አለ። እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ለካ ባልየው ብድር አለበት። ቤት ከቀየረ ወዲህ ወዳጃችን ሲያፈላልገው ነው የከረመው።

ሄሮድስም ሰብአ ሰገልን «ስታገኙት ንገሩኝ፤ እኔም መጥቼ እሰግድለታለሁ» ብሏቸው ነበር። ወደ እሱ እንዳይመለሱ ግን በሕልም ተነገራቸው፤ በሌላ መንገድም ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔ ግን ቡናው እስኪደርስ ለማሸለብ ጊዜ አልነበረኝም።

«ምን ልበለው እማማ?»

«ኔትወርክ የለም በለው።»

«ሃሎ» አልኩት፣ «ኔትወርክ የለም።»

«እሺ፣ ሲመጣ ደውልልኝ» አለኝ።