ከደጅ የተጠራው ስም

ጎንደሬዎች ሆይ፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው የተነሣሁት። ወቀሳው ከእኔ ካልጀመረ ግን ሐሰት ይሆንብኛል።

ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የጽዋ ማኅበራችን ተሰብስቦ ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ ዳቦው በማኅበሩ መሪ፣ በሙሴው፣ ፊት ቀርቧል። አባታችን ተነሥተው መባረክ ጀመሩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ። ለብዙ ዓመት የተቀየምኋት ሴት አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ያዘችኝ፣ እኔም ያዝኋት። እግዚአብሔር በመካከላችን እንዳለ፣ እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ አንድ ሥጋ እንደሆንን በሰውነቴ ተሰማኝ።

በዚያች ቅጽበት ከውጭ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም!» የሚል የልጅ ድምፅ መጣ።

የቆሎ ተማሪ ነው። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ጮኸ። «ቡራኬ ላይ ነን፣ እግዚአብሔር ይስጥህ በሉት» አለ ከመካከላችን አንዱ። የቤቱ ልጅ ሊነግረው ወጥቶ በሩን ሲከፍት ውሻው በእግሩ ሥር ሾልኮ ወጣ። ጩኸቱን ሰማን። ሁላችንም ሰማን። «ውሻውን ማን ፈታው?» አለ አንዱ። ልጁ ተመልሶ «ሄዷል» አለ። አባታችን ካቋረጡበት ቀጠሉ፤ እኛም አሜን አልን።

እንቅልፍ የነሣችኝ ያች አሜን ናት። እርሱ ከደጅ የጠራው ስም እኛ ከውስጥ ሰባት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ የጠራነው ስም ነበር። በስሟ ጽዋ እየጠጣን በስሟ የለመነንን ልጅ ውሻ ነከሰው። ያን ዕለት የተሰማኝ ፍቅር ሐሰት ነበር አልልም፤ እንባዬም እውነተኛ ነበር። ግን ከተቀመጥሁበት አላስነሣኝም። ማታ ስወጣ በሩ ላይ የተበተነ ደረቅ እንጀራና የደረቀ ደም አየሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተሻገርሁት። አዎን፣ ተሻገርሁት!

ሦስት ቀን ቆይቼ ፈለግሁት። ከደብሩ ቅጥር ጀርባ ካሉት ጎጆዎች በአንዱ ደበሎውን ለብሶ ተኝቶ አገኘሁት። አሥር ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከበለሳ የመጣ፣ ዳዊት የሚደግም። ባቱ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ታስሯል። ውሻው እግሩን ይዞት ሳለ አኩፋዳውን ከፍ አድርጎ ይዞ እንደነበር ጓደኞቹ ነገሩኝ፤ የእነርሱም ምሳ በውስጡ ነበርና። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ ክትባቱም በዚያው ቀን መጀመር እንዳለበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት እንደሌለው እኔ አውቃለሁ። በዚያ ግቢ የነበርነው አብዛኞቻችን እናውቃለን። እነርሱ አያውቁም ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ስወስደው «እማማ፣ እናቴ እንዳትሰማ» ብቻ አለኝ።

ወገኖቼ፣ የ44 ታቦት አገር ነን እንላለን። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከእኛ በላይ የኮራ አልነበረም። ጥር 11 ቀን በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ጽናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ እልል የምንልላቸው ሊቃውንት ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከዚያው ከደበሎ ውስጥ ነው የወጡት። አቋቋም፣ የማሕሌቱን ዜማና ሽብሸባ፣ ሊማር ከየአገሩ ወደ ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አብዛኛው በልጅነቱ በሰው ደጅ ቆሞ ውሻ አባርሮታል። መሪጌታ ሲሆን እጁን ለመሳም እንሽቀዳደማለን፤ ልጅ ሳለ ግን በሩን እንዘጋበታለን። ሌላም ሌላም አለብን፣ እርሱን አልዘረዝርም፤ ይህ አንዱ ይበቃናል።

እናቴ የጽዋ ተራ ሲደርሳት መጀመሪያ የምትቆርሰው ከደጅ ላለው ነበር። ቡራኬ ላይ ብትሆን እንኳ ትነሣ ነበር። ማኅበሩ እስኪቀርብለት ይጠብቃታል፤ ያኮረፈም አላየሁም። ይህን እያየሁ ያደግሁት እኔ ነኝ ተቀምጬ የቀረሁት። መንደሩ ተለወጠ፣ ግንቡ ከፍ አለ፣ ኑሮ ተወደደ ብዬ ለራሴ ምክንያት ልሰጥ ሞክሬያለሁ። አንዱም አላሳረፈኝም።

ልጁ መርፌውን ጀምሯል፤ ቀጠሮው አላለቀም፤ እኔም እያመላለስሁት ነው። ይህን ስል ከበደሌ ነጻ ወጣሁ ማለቴ አይደለም።

የታኅሣሥ 21 ተራ የእኔ ነው። በሬ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት እንደሚሆን ለማኅበርተኞቹ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ያች እጄን የያዘችው ሴት ግን ዳቦ ጨምሬ አመጣለሁ አለችኝ። ልጁንም ከጓደኞቹ ጋር እንዲመጣ ጠርቼዋለሁ። እሺም እምቢም አላለኝ። «ውሻ አለ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።