እርማት፦ የአንዲስ ልጆች መቀንጨር «የዘር ጉዳይ» አይደለም

ወንድሜ፣ «ተማሪ ተመራማሪዎቹ ፔሩ ተራራ ላይ ወጥተው የሕፃናትን ቁመት መለካታቸው ድካም ነው፤ የኬቹዋ ሰው ሲፈጥረው አጭር ነው» ብለሃል። ኬቹዋ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖር ነባር ሕዝብ ነው። ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ልክ አይደለም።

ዘር በቁመት ላይ ድርሻ አለው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ፔሩ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 28 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው በጣም ያጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። በስምንት ዓመት የሕዝብ ዘር ይለወጣል እንዴ? የተለወጠው ሌላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 «ሁንቶስ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ድሃ እናቶች ልጆቻቸውን ለጤናና ለእድገት ክትትል ሲያመጡ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። የጤና ጣቢያዎችም በጀታቸው ከውጤት ጋር ተያያዘ።

መለኪያውም «የፈረንጅ» ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የእድገት ሰንጠረዥ የተሠራው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከህንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ልጆች ነው። በደንብ የተመገቡና በንጹህ አካባቢ ያደጉ ሕፃናት ቁመታቸው በየአገሩ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ልጅን የሚያቀነጭረው በእርግዝና ጊዜ የሚጀምር የምግብ እጥረት፣ የሚመላለስ ተቅማጥና ያልተጣራ ውሃ ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይደርሳል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ አጭር ሲሆን ደግሞ እናት የእሷም ልጅ ጤነኛ ይመስላታል። ችግሩን የሚያሳያት ያ ተማሪ ይዞት የሚወጣው የቁመት መለኪያ ነው።